ፀሐይ የሞቁ የባትሪ ድንጋዮች

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፍርሃታቸውን የሚደብቁ ሰው አልነበሩም። ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ እንጂ ከጎኑ አይቀመጡም። ሊፍት ባለበት ሁሉ በደረጃ ይወጣሉ። ሳውዝ ሲ ሰፈር በሚኖሩበት ፎቅ፣ በር ላይ ካለው አስካሪ፣ ማለትም ዘበኛ፣ ጀምሮ እስከ ላይኛው ደርብ ድረስ ይህን ጠባያቸውን የማያውቅ የለም። እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ብሩክታዊት አንድ ቀን የጫማ ካርቶን ታቅፋ ገብታ፣ "እቴቴ፣ ይሄን እንዳትነኪብኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው" ስትላቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

"ይፈነዳል?"

"አይፈነዳም።"

"እስቲ ፈነዳ ብለሽ አስቢው።"

"ሥራዬ እሱን ማሰብ አይደል እንዴ!" ብላ ሳቀች።

ካርቶኑ ውስጥ አረንጓዴ ልባስ ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አድርገው ቢያዩአቸው የራዲዮ ድንጋይ ሆኑባቸው፤ ትንሽ ረዘምና ወፈር ይላሉ እንጂ ያው ድንጋይ። ልጅቱ "ሊቲየም አዮን" እያለች ብታስረዳም እሳቸው ድንጋይ ማለቱን አልተዉም። ውሎ አድሮ እሷም ድንጋይ ማለት ጀመረች።

ብሩክታዊት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተመረቀች ገና ዓመት አልሞላትም። እናቷ ለእርዳታ ሥራ ጁባ ስለምትውል ስለምታድር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ጊዜው በፈረንጅ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው፤ ድርቁ ግድቦቹን አጉድሎ ናይሮቢ መብራት በፈረቃ የምታገኝበት ዓመት። በዚያው ዓመት ሞምባሳ መንገድ ላይ ጋራዥ ያላቸው አቶ ባንታየሁ፣ ዕቃ ማመላለሻ ቫናቸውን በባትሪ የሚሄድ አደርጋለሁ ብለው ተነሡ። ያልሳቀባቸው ሐበሻ አልነበረም። "ስቲማ በሌለበት አገር የስቲማ መኪና!" ተባሉ፤ ስቲማ እዚያ አገር መብራት ማለት ነው። እሳቸው ግን ከቻይና ናሙና ሴሎች አስመጥተው ለብሩክታዊት ሰጧትና፣ "ቫኑ ላይ ሳልገጥማቸው ጠባያቸውን ንገሪኝ" አሏት።

ጠባያቸውን የምትነግራቸው በሞዴል ነው። ሞዴል ማለት፣ ለአያቷ እንዳስረዳችው፣ ድንጋዩን ሳይሰብሩ ውስጡን በሒሳብ ማየት ነው።

"እንደ ማታቱ አስቢው" አለቻቸው። "ሊቲየሙ ተሳፋሪው ነው። ባትሪው ሲሠራ ከአንዱ ወገን ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሲሞላ ደግሞ ይመለሳል። ስታጣድፊው በሩ ላይ ይጨናነቃል፤ ይሞቃል። ስትተዪው ቀስ እያለ እየተጠጋጋ ቦታ ቦታውን ይይዛል። እኔ የያንዳንዱን ወንበር ሒሳብ እሠራለሁ።"

"ገብቶኛል" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ግማሹ ገብቷቸው ነበር። ችግሩ ለሌላ ሰው ማስረዳቱ ላይ ነው። ማኅበር ላይ ወይዘሮ እህተማርያም፣ "ልጅቱ ምን ያዘች?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ሞዴል ትሠራለች" አሉ። ወይዘሮ እህተማርያም ጉንጫቸውን ይዘው፣ "ውይ! በዚያ ቁመቷ?" ከማለታቸው ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ዕለት አኩርፈው ነው የወጡት።

ልባቸው የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ቦታ እንደተከፈተ ሰምተዋል። ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ማታ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እስከ በር የሚመልሱበት፣ እሳት የማይታሰብበት ሥራ! ሲነግሯት ፊቷን አዞረች፤ ሲያለቅሱባት ተመለሰች። በመጨረሻ ተዋዋሉ። ቅዳሜ አቶ ባንታየሁ ጋራዥ ትቀርባለች። እስከዚያ ሞዴሏ ከድንጋዮቹ እውነተኛ ጠባይ ጋር ከገጠመ፣ ሥራው ሥራዋ ነው፤ አያቷ አፋቸውን ይዘጋሉ። ካልገጠመ፣ ሰኞ ማለዳ ማመልከቻዋን ይዛ ጊጊሪ።

"በእመብርሃን?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

"በእመብርሃን" አለች ብሩክታዊት፤ ከልቧ።

ሐሙስ ማታ ድንጋዮቹን ጉልበታቸውን አሟጥጣ አሠራቻቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካርቶናቸው ውስጥ እንዳሉ፣ ቮልታቸውን በየደቂቃው ከምትመዘግብ የክብሪት ሣጥን ከምታክል መሣሪያ ጋር በቀጫጭን ሽቦ አያያዘቻቸው። የጋራዡ ሹም የአቶ ባንታየሁ የእህት ልጅ ፍራኦል ሲደውልላት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጓዳ ሆነው ሰሙ።

"አይ ፍራኦል፣ አሁን ደክመዋል። ይረፉ። ነገ ማታ አያቸዋለሁ።"

ደክመዋል! ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህችን ቃል ይዘው ተኙ።

በማግሥቱ ልጅቱ ጋራዥ ሄደች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቁርሳቸውን በልተው ሲያበቁ በረንዳው ላይ ፀሐይ ፍንትው ብላለች። ድንጋዮቹን አዩአቸው። የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ እንኳን እሳቸው፣ ባላገር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል፤ ቢያንስ ዜናውን አሰምቶ ይጨርሳል። እንዳትነኪ ተብለዋል፤ እውነት ነው። ግን እሳቸው ድንጋዮቹን መች ነኩ? የነኩት ካርቶኑን ነው። ሽቦው እንዳይነቀል ትንሿን መሣሪያ አብረው አስቀምጠው፣ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ወደ በረንዳው አወጡት።

ጊጊሪን የሚመኙ ሰው ለምን ድንጋዮቹን ያግዛሉ ቢባል፣ መልሱ ቀላል ነው። ምኞቱ የራሳቸው፤ የደከመው የልጅቱ ነው።

ማታ ብሩክታዊት ላፕቶፗን ከፍታ፣ ትንሿ መሣሪያ የመዘገበችውን አስገባች። ሁለት መስመሮች ወጡ። ሰማያዊው ሞዴሉ ይሆናል ያለው ነው፤ ቀዩ ድንጋዮቹ የሆኑት። ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱ እንደ መንታ ተለጣጥፈው ሄደዋል። ከዚያ ቀዩ ድንገት ተለየ። ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፤ በኋላ ተመልሶ ተጠጋ።

"ከዚህ እስከዚህ" አለች በጣቷ እያሳየች። "ምንም በማይሆንበት ሰዓት! ተኝተው! ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ሒሳቡ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ነገር ዓይናቸው ፊት ሲሆን አዩ።

"ብሩኬ፣ ሒሳብሽን አትስደቢው። እኔ ነኝ። ደክመዋል ስትዪ ሰምቼ ፀሐይ..."

"አትንገሪኝ!" ልጅቱ ከወንበሯ ዘላ ተነሥታ ጆሮዋን ያዘች። "ፀሐይ ብለሻል፤ በቃ! ሌላ አንድም ቃል እንዳትጨምሪ!"

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር እኮ።"

"በኋላ ትጠይቂኛለሽ። እቴቴ፣ አልገባሽም? እስከ አሁን ሞዴሉን የምፈትነው መልሱን እኔ በማውቀው ጥያቄ ነው። ዛሬ መልሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። መቼ እንዳወጣሻቸው፣ መቼ እንዳስገባሻቸው፣ በመሃል ምን እንደሆነ። ሞዴሉ ይናገር። አንቺ ዳኛ ሁኚ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሕይወታቸው ብዙ ነገር ሆነዋል፤ ዳኛ ሆነው ግን አያውቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ።

ልጅቱ ሥራዋን ያዘች። ሌሊት የነበረውን የቤቱን ብርድ ለሞዴሉ ሰጠችው፤ ከዚያ ቀዩ መስመር እንዲያ እንዲሆን ምን ያህል ሙቀት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያስፈልግ እንዲፈልግ አደረገችው። በሙቀት ጊዜ ተሳፋሪው ቶሎ ቶሎ ቦታውን ይይዛል፤ ቮልቱም በሺህ ተከፍላ የምትቆጠር ቅንጣት ታህል ይዛነፋል። ለሰው ምንም ነው፤ ለትንሿ መሣሪያ ግን ይታያታል። ሰማያዊው መስመር ይንቀጠቀጥ፣ ይጠጋ፣ ይሸሽ ጀመር። በመጨረሻ ቀዩ ላይ ሄዶ ተኛ።

ብሩክታዊት ትንፋሿን ዋጠች። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ አነበበች።

"ያወጣሻቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ዘጠኝ ሰዓት?"

"ዘጠኝ ሰዓት። ይላል።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይማ..." አሉና ቆሙ። ዳኛ ናቸው፤ ዳኛ ደግሞ ያየውን ነው የሚናገረው። "ዘጠኝ ሰዓት ላይማ ማኅበር ነበርኩ። ድንጋዮቹም ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።"

የልጅቱ ፊት ሲለወጥ አዩት። እንደ መብራት ፈረቃ ነው፤ ነበረ፣ ጠፋ። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ጣሪያውን አየች።

"እንግዲህ የፀሐዩ ነገር አይደለም ማለት ነው" አለች። "ለማንኛውም ጠማማ መስመር ሰበብ የሚፈልግ ሞዴል ነው የሠራሁት። ቅዳሜ ይህን ይዤ ነበር ቫን ላይ ግጠሙ የምላቸው።"

ውል ውል ነው። ጊጊሪ መጣ፤ ከነምንጣፉ፣ ከነመኪናው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ ተስለዋል! አሁን ከፊታቸው ሲቆም ግን ደስታው የት እንደገባ አጡት። ያዩት የልጃቸውን ፊት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፊት ይዛ ምንጣፍ ላይ ብትሄድስ ምን ዋጋ አለው?

"እንዲያው ረስቼ ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው። "ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አዎ፣ ሳስበው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከማኅበር በፊት ወጣ አድርጌያቸው..."

"እቴቴ!"

"ሰው አይረሳም?"

"እንዳትለውጪ! በማርያም እንዳትለውጪ። ልጄ አዘነች ብለሽ ቃልሽን ከለወጥሽ እኔ በማን ልፈተን? ፍራኦል እንኳ ሲሰድበኝ እውነቱን ነው።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተገሥጸው አያውቁም ማለት አይቻልም፤ ግን ከዚያች ልጅ ተግሣጽ ሲቀበሉ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። ኮሩባትም።

ብሩክታዊት ላፕቶፑን ልትከድነው እጇን ዘረጋች።

"ለመሆኑ መቼ ነበር ያወጣሻቸው?" አለች፤ ጥያቄው ከእንግዲህ የማይጠቅማት ሰው በሚጠይቀው ድምፅ።

"ቁርሴን በልቼ ስጨርስ ነዋ። ሦስት ሰዓት ላይ። ከቀትር በፊትም አስገባኋቸው።"

"ቁርስሽን በልተሽ ሦስት ሰ..."

የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። ወደ አያቷ ዞረች። ወደ ስክሪኑ ዞረች። እንደገና ወደ አያቷ።

"በሐበሻ ሦስት ሰዓት?"

"ታዲያ በማን ልቁጠር? ፀሐይዋ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሆኗታል፤ ሦስት ሰዓት ነው። ስዋሂሊዎቹም እንደኛው ነው የሚቆጥሩት!"

"ኦ ማይ ጋድ። እቴቴ! ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው! የሱ ዘጠኝ ያንቺ ሦስት ነው!"

ናይሮቢ ያደገ ልጅ አማርኛ እያወራ ሰዓት ሲጠራ አፉ ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚህ ጉዳይ ስንት ቀጠሮ አምልጧቸዋል፤ ስንት ጊዜ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰዋል። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው። ሁለቱም ረሱት። ልጅቱ አያቷን አንገታቸውን አቅፋ ስታሽከረክራቸው፣ "ቀስ! ወገቤን! ጠረጴዛውን!" ይላሉ፤ ግን አልተላቀቁም።

"ቆይ፣ አላለቀም" አለች ብሩክታዊት ተመልሳ ተቀምጣ። አሁን ድምፅዋ ሌላ ነው። "መሃል ላይ ቀዝቅዘዋል። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ። ከዚያ እንደገና ሞቁ። ደመና መጥቶ ነበር?"

"ደመና አልነበረም። ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ነበር።"

ልጅቱ አልደነገጠችም። "አንድ ነገር ግን ሆኗል" አለች። "ሞዴሉ አይለቅም። ፀሐይና ድንጋዮቹ መሃል አንድ ነገር ገብቷል።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ በእጃቸው ዳሰሱ። ማንም አላያቸውም ነበር። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ነበሩ።

"ፈርቼ" አሉ። "ባይፈነዳም እንዳይግሉ ብዬ ነጠላዬን ጣል አደረግሁባቸው። በኋላ ደግሞ ጥላ ከሆነማ ምኑን ፀሐይ ሞቁት ብዬ አነሣሁት።"

ብሩክታዊት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና፣ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎባት፣ "ነጠላውን አገኘው! ሞዴሌ ነጠላውን አገኘው!" አለች።

ይቅርታውን ከዚያ በኋላ ጠየቁ። ተግሣጹንም ተቀበሉ። ይህ እንደ ራዲዮ ድንጋይ አይደለም፤ ፀሐይ ብርታት አይሰጠውም፤ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል እንጂ። የዛሬው ጥቂት ነው፤ በየቀኑ ከሆነ ግን ድንጋዩ ያለ ጊዜው ያረጃል። ይህን እየተናገረች ሳለች አቋርጣ ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። ፍራኦል ሴሎቹን ሊገጥም ያሰበው ከቫኑ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ። ሒሳቡን አሁን ታምነዋለች። ሞዴሉን ጠየቀችው፤ ነገራት።

ቅዳሜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አብረው ሄዱ። ማንም አልጠራቸውም። "ምስክር ያለ ጥሪ ይቀርባል" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ማታቱ ውስጥ ገቡ።

አቶ ባንታየሁ ሁለቱን መስመሮች አዩ። ብሩክታዊት የሆነውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ ሰዓቱ እንደተምታታባቸውም ጭምር። ከዚያ ሴሎቹ ጣሪያ ሥር ከተገጠሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚደክሙ፣ ከወለሉ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ በጎማዎቹ መካከል ከተገጠሙ ግን እንደሚቆዩ አሳየች።

ፍራኦል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ይሰማ ነበር።

"ጣሪያው የተመረጠው ውኃ እንዳይነካቸው ነው" አለ። "ደግሞስ ይሄ ሁሉ በአንድ ምስክር? እማማ፣ አይቆጡኝና፣ ለልጅዎ ብለው ያሉት እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?"

ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ዞረው አዩአቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

"ለልጄ ብዬማ ልዋሽ ነበር" አሉ። "ጀምሬውም ነበር። የከለከለችኝ እሷ ናት። ሞዴሉ ይውደቅ እንጂ ቃልሽን አትለውጪ ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሞዴሉ እንዲወድቅ ስእለት ያለብኝ ሰው ነኝ። ሳይወድቅ ቀረ። ከዚህ ሌላ ምን ልንገርህ ልጄ?"

አቶ ባንታየሁ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። ፍራኦልም ሳቀ፤ ግን ዓይኑ ቫኑ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

"ከውኃው የሚከልላቸው ሣጥን ይፈልጋሉ" አለ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ። "ከፊት ዝግ፣ በጎንና በጎን ነፋስ የሚያስገባ። ብሩክታዊት፣ ስንት ስፋት ነበር ያልሽው?"

"ነይ አሳዪው" አሏት አቶ ባንታየሁ። "ሥራው ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያላልሽው ድንጋይ እዚህ ጋራዥ አይገጠምም።"

ልጅቱ ጃኬቷን አውልቃ ለአያቷ ሰጠቻቸውና በጀርባዋ ተንሸራታ ቫኑ ሥር ገባች። ጫማዋ ብቻ ቀረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያንን የሚያህል መኪና በአንድ ክሪክ ተነሥቶ ከልጃቸው በላይ ቆሞ አዩት። አፋቸው "ውጪ!" ለማለት ተከፈተ። ዘጉት። ወደ ፍራኦል ዞሩ።

"ይሄ ክሪክ ብቻውን ነው የያዘው?"

"ጠንካራ ነው እማማ።"

"ጥንካሬውን አልጠየቅሁህም። ድጋፍ አምጣ።"

ፍራኦል አቶ ባንታየሁን አየ። አቶ ባንታየሁ ወደ ብረት ድጋፎቹ በአገጫቸው አመለከቱት። በአራቱም ማዕዘን እስኪቆሙ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዙሪያውን እየሄዱ አንድ በአንድ በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው አዩ። ሲጨርሱ ጎንበስ አሉ።

"ብሩኬ! በይ አሁን ለኪ። ተረጋግተሽ ለኪ፤ እኔ እዚህ አለሁ።"